ፕሮግራሜ ተንቀራፈፈብኝ፤ የትኛው ፍላግ ነው የሚያፈጥነው?

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀማዓ፣ እንዴት ናችሁ? የቦርከናን ተፋሰስ ተዳፋት የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ እየሠራሁ ነው። ዳታው ኤስአርቲኤም የሚባለው የከፍታ መረጃ ነው፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ኢንዴቨር መንኮራኩር ይዞት በወጣው ራዳር የተለካው። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልድያ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ ናቸው፣ ሰሜን 11 ምሥራቅ 39 የሚለው ውስጥ። ባለ 30 ሜትሩን ነው የምጠቀመው። 3601 ረድፍ በ3601 አምድ፣ ወደ 13 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ ስምንት ጎረቤቶቹን አይቶ ተዳፋቱን ያወጣል፣ በደረጃ ይከፋፍላል፣ መጨረሻ ላይ የአካባቢውን አማካይ ከፍታ ይነግረኛል።

ሥራው ይኼው ነው፣ ግን ይንቀራፈፋል። የደረጃዎቹን ወሰን እየቀያየርኩ ደጋግሜ ስለማስኬደው ጥበቃው አሰልቺ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ኦ3 እና ፋስት ማዝ ስጠውና ተገላገል» ይለኛል፤ ሁለቱም ለኮምፓይለሩ የሚሰጡ የማፍጠኛ ትእዛዞች (ፍላጎች) ናቸው። ሌላው «ፋስት ማዝን እንዳትነካ፣ ጉድ ይሠራሃል» ይላል። ማንን ልስማ? ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) ጂሲሲ ነው፣ ቢልዱ (ግንባታው) በሲሜክ፣ ማሽኑ ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ።

ከጦሳ_ስር (ደሴ)

አብሽር፣ መላ አለው። ፍላግ ከመደርደርህ በፊት ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ሲሜክን ስትጠራው ቢልድ ታይፕ ትሰጠዋለህ ወይስ ዝም ብለህ ነው?

ወድጄ አይደለም የምጠይቅህ። ቢልድ ታይፕ ባዶ ከሆነ ሲሜክ ለኮምፓይለሩ ምንም የማፍጠኛ ፍላግ አያቀብልም። ጂሲሲ ደግሞ ካልነገሩት ኦ0 ላይ ነው የሚሠራው። ኦ0 ማለት እያንዳንዷን ቫሪያብል ከሜሞሪ አምጥቶ፣ አንድ ነገር አድርጎ፣ መልሶ ሜሞሪ ላይ የሚያስቀምጥ ኮድ ነው፤ መስመር በመስመር በዲበገር ለመከታተል እንዲመች ሆን ተብሎ እንዲያ ይደረጋል። ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቬክተር ውስጥ አንድ ቁጥር ለማየት የምትጽፋት ትንሽ ቅንፍ ራሷ የፋንክሽን ጥሪ ነች፣ ኦ0 ላይ በእያንዳንዱ ነጥብ ትጠራለች።

ሪሊዝ በለው። ያኔ ኦ3 እና ኤንዲበግ ይሰጠዋል። ቢልዱን በቨርቦስ አስኪድና ወደ ጂሲሲ የሚሄደውን መስመር በዓይንህ እየው፣ ግምት አያስፈልግም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኤንዲበግ ሲበራ አሰርት (ሁኔታ የሚፈትሸው መስመር) በሙሉ ከኮዱ ይወጣል። አሰርት ቅንፍ ውስጥ ፋይል የሚያነብ ወይም ሌላ ሥራ የሚሠራ ነገር ካለህ እሱም አብሮ ይጠፋል፣ ከዚያ ዳታው ለምን ባዶ ሆነ እያልክ ስትዞር ነው የምትውለው።

የቦርከና_ልጅ

ባዶ ነው! ሲሜክ ፋይሉን ከእኔ በፊት ሥራውን ከያዘው ልጅ ነው የተረከብኩት፣ እሱም ጋ ባዶ ነበር። ሪሊዝ አልኩትና ወላሂ ሌላ ፕሮግራም መሰለኝ። ፍጥነቱ በእጥፍ ብቻ አይደለም የጨመረው፣ ከዚያ በብዙ ያልፋል።

ግን አሁንም እንደምፈልገው አይደለም። 13 ሚሊዮን ነጥብ ለዘመኑ ፕሮሰሰር ብዙ አይመስለኝም። አሁን ፋስት ማዝ ልስጠው?

ሸዋበር_ኮደር (ደሴ)

ስጠው እንጂ ምን ትጠብቃለህ! እኔ ሁልጊዜ ኦፋስት፣ ማርች ኔቲቭ፣ ሎፕ መበተኛው፣ ኤልቲኦ፣ ሁሉንም በአንዴ ነው የምሰጠው። አንድ ቀን ችግር አይቼ አላውቅም። ኮምፓይለሩን የጻፉት ሰዎች ፍላጉን ያስቀመጡት እንድንጠቀምበት ነው፣ ለጌጥ አይደለም። ምንድነው እንዲህ መጠንቀቅ?

ላስታ_ቢት (ላሊበላ)

ሸዋበር ወንድሜ፣ ችግር አላየሁም ማለትና ችግር የለም ማለት ለየቅል ናቸው። ውጤቱን ከምን ጋር አስተያይተህ ነው?

የቦርከና ልጅ፣ ኤስአርቲኤም ላይ ራዳሩ ያላያቸው ቦታዎች አሉ። ገደልና ጥልቅ ሸለቆ ባለበት ጥላ ይፈጠራል፣ እዚያ ቁጥሩ -32768 ተብሎ ይሞላል። አንተ ይኼን እንዴት ነው የያዝከው? ብዙ ሰው ሲያነብ ወደ ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ምልክት) ይቀይረውና ከዚያ ኢዝናን እያለ ይዘለዋል። እንዲያ ካደረግክ ፋስት ማዝ ቀጥታ እዚያ ላይ ነው የሚመጣብህ። ምክንያቱም ፋስት ማዝ አንድ ፍላግ አይደለም፣ የፍላግ ጥቅል ነው፤ ከውስጡ አንዱ ለኮምፓይለሩ «እዚህ ፕሮግራም ውስጥ ናንም ኢንፊኒቲም አይመጣም» ብሎ ቃል ይገባለታል። ኮምፓይለሩ ቃልህን ያምናል። ኢዝናን የሚለውን ሲያይ «መልሱ ምንጊዜም ሐሰት ነው» ብሎ ፍተሻውን ከነጭራሹ ቆርጦ ይጥለዋል። ስህተት ብሎ አይነግርህም፣ አይከሰከስም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

ኦፋስትም ያው ፋስት ማዝን በሆዱ የያዘ ነው። ክላንግ የሚባለው ሌላው ኮምፓይለር ራሱ በ19ኛው እትም ኦፋስትን መጠቀም አይመከርም ብሏል።

የቦርከና_ልጅ

ልክ ነህ፣ ወደ ናን ነው የምቀይረው። ሞከርኩት፦ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ግን አማካይ ከፍታው «ናን» ብሎ ወጣ። የተዳፋት ደረጃዎቹም ተዛነፉ፤ ባዶ የነበሩት ነጥቦች አንዱ ደረጃ ውስጥ ገብተው ተቆጥረዋል።

ከዚያ ናኑን ተውኩና ገና ኢንቲጀር እያለ -32768 መሆኑን እያየሁ እንዲዘል አደረግኩት። አሁን ናን የሚል የለም፣ ደረጃዎቹም ያለፋስት ማዝ ከወጡት ጋር ይገጥማሉ። አማካይ ከፍታው ግን አልገጠመም! ልዩነቱ የነጥብ ቤት አይደለም፣ በሜትር ነው። ስለዚህ ፋስት ማዝ ያበላሻል ማለት ነው፣ ላጥፋው አይደል?

አሮጌው_ፎርትራን (ሐይቅ)

ልጄ፣ ከማጥፋትህ በፊት ድምሩን በምን ዓይነት ቫሪያብል እንደምትይዘው እይ። በፍሎት (ባለ 32 ቢቱ የነጥብ ቁጥር) ከሆነ የተሳሳተው አዲሱ ላይሆን ይችላል፣ የድሮው ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። የአካባቢው አማካይ ከፍታ 2,000 ሜትር ነው ብንል፣ 13 ሚሊዮን ነጥብ ሲደመር 26 ቢሊዮን አካባቢ ይደርሳል። ፍሎት ያለው 24 ቢት ትክክለኛነት ነው። እስከ 16,777,216 ድረስ ሙሉ ቁጥርን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ከዚያ በላይ መዝለል ይጀምራል። 26 ቢሊዮን ላይ ሲደርስ በሁለት ተከታታይ ፍሎቶች መካከል ያለው ርቀት 2,048 ነው። አሁን አስበው። ድምሩ እዚያ ደርሶ ሳለ የኮምቦልቻን ነጥብ፣ 1,850 ሜትር በለው፣ ብትጨምርበት ተጠጋግቶ 2,048 ሆኖ ይገባል። የደሴን 2,500 ብትጨምርም 2,048 ሆኖ ነው የሚገባው። ደሴና ኮምቦልቻ እኩል ከፍታ ላይ ተቀመጡልህ! ከ1,024 በታች የሆነ ቆላ ደግሞ ጭራሽ አይደመርም፣ ድምሩ ንቅንቅ አይልም።

ፋስት ማዝ ምን አደረገ? የፍሎት ድምር ቅደም ተከተሉ ሲቀየር መልሱም ይቀየራል፤ ስለዚህ ኮምፓይለሩ ያለ ፈቃድ ቅደም ተከተሉን አይነካም። ፋስት ማዝ ፈቃዱን ሰጠው። እሱም ድምሩን በ4 ወይም በ8 ንዑስ ድምር ከፍሎ ጎን ለጎን አስኬደው። እያንዳንዱ ንዑስ ድምር ትንሽ ስለሆነ መዝለሉም ቀነሰ። ያንተ አዲሱ ቁጥር ለእውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። ድምሩን ደብል (ባለ 64 ቢቱ) አድርገውና ሦስቱን አስተያይ።

የቦርከና_ልጅ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። ድምሩን ደብል አደረግኩት። እንዳሉት ነው፣ የፋስት ማዙ ወደ ደብሉ ይጠጋል፣ የድሮው ራቅ ብሎ ቀርቷል። ስንት ጊዜ በዚያ አማካይ ሪፖርት ተጽፎ ይሆን…

ሸዋበር_ኮደር

ይኸው! ፋስት ማዝ ነፃ ወጣ። ካሣ ይከፈለኝ 😄

ላስታ_ቢት

ነፃ አልወጣም፣ በሌላ ሰው ጥፋት ተሸፈነ እንጂ። ናኑን የበላው ማን ነው?

ወልድያ_ተርሚናል (ወልድያ)

እናንተ ስለ ፋስት ማዝ ትከራከራላችሁ፣ ሎፑን (ነጥቦቹን አንድ በአንድ የሚያዳርሰውን ድግግሞሽ) ያየ ሰው የለም። ወንድሜ፣ ፐርፍ ጫንና ጊዜው የት እንደሚያልቅ እይ፤ ካሽ ሚስ የሚለውንም ቁጥር (የተፈለገው ዳታ ከፕሮሰሰሩ ቅርብ ሜሞሪ ስንቴ እንደታጣ) አውጣው። ከዚያ ሁለቱን ሎፖች እዚህ ጻፋቸው፦ ውጪው የቱ ነው፣ ውስጠኛው የቱ?

የቦርከና_ልጅ

እሺ እህቴ። ውጪው በአምድ ይሄዳል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ። ውስጠኛው በረድፍ፣ ከላይ ወደ ታች። ተፋሰሱን ካርታው ላይ በኬንትሮስ እየከፋፈልኩ ስለማየው ነው። ዳታው አንድ ረጅም ቬክተር ውስጥ ነው፣ ረድፍ በረድፍ የተቀመጠ። ካሽ ሚሱ ሰማይ ነክቷል።

ወልድያ_ተርሚናል

ጠርጥሬ ነበር። ስማኝ፣ ይኼ ከፍላጉ ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው።

ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ አንዲት ቁጥር ብቻ አያመጣም። ሲያመጣ 64 ባይት ነው የሚያመጣው፣ ያንተ ፍሎት 4 ባይት ስለሆነ 16 ነጥብ ማለት ነው። ጎን ለጎን ብትሄድ ኖሮ አንዴ ባመጣው 16ቱንም ትጠቀም ነበር። አንተ ግን ወደ ታች ነው የምትወርደው። አንድ ረድፍ 3601 ፍሎት ነው፣ 14,404 ባይት። እያንዳንዷ እርምጃህ 14,404 ባይት ትዘላለች። ስለዚህ 16 አምጥቶ አንዷን ተጠቅመህ 15ቱን ትጥላለህ፤ ሚኒባሱ 16 ሰው ጭኖ ሐረጎን ከወረደ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው ብቻ አውርዶ ሌሎቹን ይዞ ደሴ እንደመመለስ ነው፣ ያውም 13 ሚሊዮን ጊዜ። የታችኛው ረድፍ ላይ ደርሰህ ወደ ቀጣዩ አምድ ስትመለስ ደግሞ መጀመሪያ ያመጣሃቸው ከቅርቡ ካሽ ወጥተዋል። ጠቅላላው ዳታህ በፍሎት 52 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ የላፕቶፕ ካሽ ይኼን ሁሉ አይችልም።

ቬክተራይዜሽንም ሊሠራልህ ያልቻለው በዚሁ ነው። 8 ነጥብ በአንድ መመሪያ ለማስላት ስምንቱ ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው። ተበታትነው ካሉ ኮምፓይለሩ ወይ ይተወዋል ወይ አንድ በአንድ ለቅሞ ያመጣቸዋል። ጂሲሲ አንዳንዴ ሎፕ መገልበጥ ይሞክራል፣ ግን ያንተ ውስጥ መዝለያ ኢፍ ስላለበት እዚያ ላይ ተስፋ አታድርግ። በእጅህ ገልብጠው። ውጪው ረድፍ፣ ውስጠኛው አምድ።

የቦርከና_ልጅ

ገለበጥኩት። ሁለት ቃል ነው ቦታ የተለዋወጠው! ማሻአላህ፣ ኢንተሩን ተጭኜ እጄን ሳላነሳ ያልቃል ማለት ይቻላል። ኦ3ን ወደ ኦ2 ባወርደው እንኳ ልዩነቱ አይታይም።

ከጦሳ_ስር

ኦ2 እና ኦ3 እንደዚህ ዓይነት ኮድ ላይ ተቀራራቢ መሆናቸው አይግረምህ። ከጂሲሲ 12 ወዲህ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኦ2ም ቬክተራይዜሽን ያደርጋል፣ ቁጥብ ሆኖ። የሊኑክስ ከርነል ራሱ በኦ2 ነው የሚገነባው። ኦ3 ኮዱን ያሳብጣል፣ አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ የመመሪያ ካሹን ሞልቶ ይጎዳል። ለክተህ የበለጠውን ያዝ፣ ሃይማኖት አታድርገው።

ሁለት ነገር ልጨምርልህ። ከፍታውን የምታወጣባት ትንሿ ፋንክሽን ሌላ ፋይል ውስጥ ነች? ከሆነች ኮምፓይለሩ ይኼኛውን ፋይል ሲሠራ የዚያኛውን ውስጥ አያይም። ለ13 ሚሊዮን ነጥብ ስምንት ስምንት ጊዜ ስትጠራት ከ100 ሚሊዮን በላይ ጥሪ ነው። ኤልቲኦ የሚረዳው እዚህ ጋ ነው፦ ሊንከሩ ጋ ሲደርስ ፋይሎቹን አንድ ላይ አይቶ ጥሪውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ወይም ፋንክሽኗን ሄደር ውስጥ አስገባትና ኤልቲኦም ሳያስፈልግህ ትገላገላለህ።

ሁለተኛው ስኩዌር ሩት ነው። ጂሲሲ በነባሪ የኔጌቲቭ ቁጥር ሩት ሲመጣ ኤርኖ የሚባለውን የስህተት ቁጥር መመዝገብ እንዳለበት ያስባል። ለዚያ ሲል መንገዱ ላይ ቅርንጫፍ ያስቀምጣል፣ ቬክተራይዜሽኑም ይደናቀፋል። «ኖ ማዝ ኤርኖ» የሚለውን ለብቻው ስጠው። ይኼ ከፋስት ማዝ ጥቅል ውስጥ ጉዳት የማያመጣው ቁራጭ ነው፣ ናንህን አይነካም፣ ቅደም ተከተልም አይቀይርም። ማዝ ፋንክሽን ከጠራ በኋላ ኤርኖን የሚያይ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሮጌው_ፎርትራን

ኧረ ስኩዌር ሩቱስ ለምን ያስፈልጋል? ደረጃ ለመከፋፈል ብቻ ከሆነ አንግሉን ማወቅ የለብህም። «ከ5 ዲግሪ በታች ነው ወይ» ከማለት የሁለቱን አቅጣጫ ተዳፋት ካሬ ደምርና ከ5 ዲግሪ ታንጀንት ካሬ ጋር አወዳድር፣ 0.00765 ገደማ ነው። ለ15 ዲግሪ 0.0718። አንዴ ከሎፑ ውጪ አስላቸውና አስቀምጣቸው። አርክታንጀንቱም ሩቱም 13 ሚሊዮን ጊዜ ከመጠራት ዳኑ። እኛ እኮ ድሮ ኮምፓይለር ስላልነበረን ሳይሆን ማሽኑ ስለማይችል ነው እንዲህ የምናስበው የነበረው።

የቦርከና_ልጅ

ጋሼ ይኼንንስ ማን አስቦት! አርክታንጀንቱን አወጣሁት። ፐርፍ ላይ ከላይ ተቀምጦ የነበረው እሱ ነው፣ አሁን ስሙም የለም።

መርሳ_05 (መርሳ)

ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ያለ ፍላግ በትክክል ይሠራል። ኦ2 ስሰጠው የተዘበራረቀ ቁጥር ያወጣል ወይ ይከሰከሳል። ስለዚህ ኦ2 ባግ አለበት ብዬ ትቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ኦ2 ኦ2 ይላል።

ላስታ_ቢት

ኮምፓይለር ባግ የለም አልልም፣ ግን አንተ ጋ እንዳይሆን ወራርደህ ብታሸንፍ ይገርመኛል። ብዙውን ጊዜ ኮዱ ውስጥ የተደበቀ ነገር ነው ኦ2 የሚያወጣው፦ ያልተሞላ ቫሪያብል፣ ከአሬይ ድንበር ማለፍ፣ ኢንት ሞልቶ መገልበጥ። ሲ ፕላስ ፕላስ እነዚህን «አይደረጉም» ብሎ ነው የሚነሳው፣ ኮምፓይለሩም እንደማይደረጉ ቆጥሮ ያሳጥራል። ኦ0 ላይ በዕድል ዜሮ የነበረው ቦታ ኦ2 ላይ ሌላ ነገር ይሆናል።

አድሬስ ሳኒታይዘርና አንዲፋይንድ ሳኒታይዘርን አብርተህ ገንባው፣ ዲበግ መረጃም ጨምር። አስኪደው። የትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ይነግርሃል። ቀርፋፋ ይሆናል፣ ለፍተሻ ብቻ ነው። ያልተሞላ ቫሪያብልን ግን እነዚህ ሁለቱ አይዙትም፣ ለእሱ ቫልግራይንድ አለ።

መርሳ_05

አገኘው። ጠርዝ ላይ ጎረቤት ሲፈልግ ረድፍ -1 ላይ፣ ማለትም ከአሬዩ ውጪ፣ ይሄዳል። ያለ ፍላግ ሲሠራ ግን ደህና ነበር እኮ…

ወልድያ_ተርሚናል

ደህና አልነበረም፣ የሌላ ሰው ግቢ ገብተህ ማንም አላየህም ነበር። የቦርከና ልጅ፣ አንተም ስምንት ጎረቤት ነው የምታየው፣ ጠርዙን ፈትሽ። ሎፑን ከ1 ጀምረህ ከመጨረሻው አንድ ቀድመህ አቁመው፤ በየነጥቡ ኢፍ ከመጠየቅም ያድንሃል።

ሸዋበር_ኮደር

እሺ ይሁን፣ ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። እኔ ዛሬ ያንኑ ባይናሪ ሳስኬድ አንዴ ይፈጥናል አንዴ በጣም ይዘገያል። ፍላጉን አልነካሁም። ምንድነው?

ከጦሳ_ስር

መብራት ጠፍቶ ነበር? ሳቅ አይደለም። ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቻርጀር ላይ ሲሆን ይለቀዋል። ጠዋት መብራት እያለ አንዱን ፍላግ ለክተህ፣ ከሰዓት ባትሪ ላይ ሌላውን ብትለካ የለካኸው መብራቱን ነው። ጋቨርነሩን (የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን) ፐርፎርማንስ ላይ አድርገው፣ ቻርጀር ይሰካ፣ ብሮውዘሩ ይዘጋ። ሲሞቅም ራሱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ አልጋ ላይ አስቀምጠህ አትለካ።

ደግሞ የመጀመሪያውን ሩጫ አትቁጠር። መጀመሪያ ፋይሉ ከዲስክ ይነበባል፣ ከዚያ በኋላ ሜሞሪ ውስጥ ስለሚቆይ ይፈጥናል። ሃይፐርፋይን የሚባል መሣሪያ አለ፣ ማሟሟቂያ ሩጫ ስጠውና ደጋግሞ አስኪዶ አማካዩንና መዋዠቁን ያወጣልሃል። መዋዠቁ ከልዩነቱ ከበለጠ ፍላጉ ፈጠነ ብለህ አትፎክር።

ሸዋበር_ኮደር

መብራት ጠፍቶ ነበር 😂

የቦርከና_ልጅ

ሌላ ጣጣ መጣ። ማርች ኔቲቭ ጨምሬ ገነባሁት፣ እኔ ጋ ቆንጆ ነው። ባይናሪውን ለሥራ ባልደረባዬ ሰጠሁት። የእሱ ዴስክቶፕ በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተሠራ ነው። ገና ሲነሳ «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ሞተ። በፊት ያለ ኔቲቭ የገነባሁት እዚያው ይሠራ ነበር።

ከጦሳ_ስር

ኔቲቭ ማለት «እዚህ የተቀመጥኩበት ማሽን ላይ ያለውን መመሪያ ሁሉ ተጠቀም» ማለት ነው። ያንተ ላፕቶፕ ኤቪኤክስ2 (ብዙ ቁጥር በአንዴ የሚያሰሉ መመሪያዎች) አለው። ኢንቴል ያን ያመጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ሃስዌል ከሚባሉት ፕሮሰሰሮች ጋር ነው፤ የባልደረባህ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ መመሪያውን አያውቀውም። የሚሰጥ ባይናሪ በኔቲቭ አይገነባም። ደረጃዎች አሉ፣ ጂሲሲ ከ11 ጀምሮ ያውቃቸዋል፦ ኤክስ86-64 ቪ2 ለአሮጌዎቹ፣ ቪ3 ኤቪኤክስ2 ላላቸው። ለእሱ በቪ2 ገንባለት። ሁለቱንም በአንድ ባይናሪ ከፈለግክ ታርጌት ክሎንስ የሚባል ምልክት አለ፣ ከባዷ ፋንክሽን ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ኮምፓይለሩ ሁለት ዓይነት አድርጎ ይገነባታል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ማሽኑን አይቶ ይመርጣል።

ላስታ_ቢት

ስታወዳድሩ መጨረሻዋ ዲጂት ብትለያይ ደግሞ አትደናገጡ። ቪ3 ላይ ማባዛትና መደመርን በአንድ የሚሠራ መመሪያ አለ፣ መሐል ላይ አያጠጋጋም፣ አሮጌው ላይ ሁለቴ ይጠጋጋል። ጂሲሲ ይኼን ያለ ፋስት ማዝም በነባሪ ይጠቀመዋል። ሁለቱ ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ፋይል መውጣት ካለበት ኤፍፒ ኮንትራክትን ኦፍ አድርጉት።

ሸዋበር_ኮደር

ፒጂኦስ? ማንም አላነሳውም። ፓይተን ራሱ በእሱ ይገነባል ይባላል።

ወልድያ_ተርሚናል

አዎ፣ ሲፓይተን ሲገነባ ኢኔብል ኦፕቲማይዜሽንስ ካልከው ፒጂኦ ያደርጋል። መጀመሪያ መመዝገቢያ አስገብተህ ትገነባለህ፣ በእውነተኛ ዳታ ታስኬደዋለህ፣ ከዚያ የተመዘገበውን ሰጥተህ እንደገና ትገነባለህ። ብዙ ኢፍና ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ኢንተርፕሪተር፣ ፓርሰር፣ ዳታቤዝ። የእሱ ግን ቀጥ ያለ የቁጥር ሎፕ ነው፣ ኮምፓይለሩ የማያውቀው ብዙ ነገር የለም። ልፋቱን አያወጣም ብዬ ነው የተውኩት።

የቦርከና_ልጅ

አሁን ያለሁበት፦ ሪሊዝ፣ ኖ ማዝ ኤርኖ፣ ኤፍፒ ኮንትራክት ኦፍ፣ የሚሰጠው በቪ2። ፋስት ማዝ የለም። ኤልቲኦንም ተውኩት፣ ፋንክሽኗን ሄደር ውስጥ አስገባኋት። የእኔና የባልደረባዬ ማሽን ያወጡትን ፋይል በሲኤምፒ አወዳደርኩ፣ ባይት በባይት አንድ ነው።

ቀጣዩ ሰሜን 12 ምሥራቅ 39 ነው፣ ላሊበላና አቡነ ዮሴፍ ያሉበት። ላስታ_ቢት፣ እዚያ ባዶ ነጥብ ይበዛ ይሆን?

ላስታ_ቢት

ገደላችንን ታውቀዋለህ 😄 ናሳ ሥሪት 3 ብሎ ያወጣውን አውርድ፣ አብዛኛው ቀዳዳ ከሌላ ሳተላይት በተገኘ ዳታ ተሞልቶለታል። የ-32768 ፍተሻውን ግን ኮዱ ውስጥ ተወው፣ ኢንቲጀር ላይ ስለሆነ ፍጥነትህን አይነካውም።